እጀታ የሌለው በር፦ የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሲገናኝ ቆይቷል። በመጀመሪያው መንፈቅ የእርሳስ ንድፍና ቀለም መደባለቅ ተለማመድን። በወላጆች ቀንም የተማሪዎችን ሥራ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልን። እኔ ግን ሰፋ አድርጌ ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ የዴንማርካዊው የቪልሄልም ሃመርሾይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኮፐንሃገን ውስጥ ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር ይኖርበት የነበረውን ቤት ነው የሣለው። አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ ግራጫ ግድግዳ። ወንበር እንኳ የለም። ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች፤ የመስኮቱ ቅርጽ ወለሉ ላይ አጋድሎ ይታያል። ርዕሱም በፀሐይ ጮራ ውስጥ ስለሚጨፍር የአቧራ ብናኝ ይናገራል።

ቅጂውን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ዝም አልኩ።

«ቲቸር፣ አልጨረሰውም እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላዋ «ዕቃቸውን ጭነው የሄዱበት ቤት ነው» አለች። ብዙዎቹ ሐዘን ታያቸው። እኔም ለዓመታት የታየኝ እሱ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ተጠግታ ስታይ ቆየችና «በሩ እጀታ የለውም» አለች። እውነቷን ነው። ረስቶት ይሆን? አይመስለኝም። የመስኮቱን መስታወቶች አንድ በአንድ የሣለ ሰው እጀታ አይረሳም።

ወለሉ ላይ ያረፈውን ብርሃን በእጄ ሸፈንኩት። «እስር ቤት መሰለ» አሉ። እጄን ሳነሳ ቤቱ ተመልሶ ሞቀ። ግድግዳው ያው፣ በሩም ያው ነው። ስሜት ከየት እንደሚመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንድ ልጅ በአያቱ ማድ ቤት፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባውን ፀሐይ አስታወሰ። አቧራውን በእጁ ለመያዝ ይሞክር ነበር። «እዚህም ቤት ሰው አለ፤ ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን እያየ ነው» አለን። ይህን በጣም ወደድኩት።

ከዚያ ሁሉም የየቤቱን አንድ ክፍል ያለ ሰው እንዲሥል አደረግኩ። አንዷ የወንድሟን ክፍል ሣለች። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አልጋው ለዘመድ ተሰጥቷል። የላስቲክ ምንጣፉ ላይ የአልጋው እግሮች ያጎደጎዷቸው አራት ክቦች ቀርተዋል። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እነዚያን ክቦች ለማጥቆር ሁለት ዓርብ ፈጀባት። ሥዕሏ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል።