ፕላስተር የተለጠፈባት ካሴት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ዛሬ የምጽፍልሽ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የድሮ ኢቲቪ ማየት ይዣለሁ። የጀመረኝ ከአባባ ተስፋዬ ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ በዚህ ዕድሜዬ ሶፋ ላይ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ መለስኩላቸው። እናትሽ ከማድ ቤት «ማን መጣ?» አለችኝ።

ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ፣ በ1957፣ እኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስቱዲዮው እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። እኛም ከዚያ ብዙ ሳንርቅ፣ እግራችንን ካልታጠብን ከማያስገቡን ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እናያለን። አባባ ተስፋዬ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለካ ተረት ሲነግሩን አሮጊቷም ጦጢትም እንደዚያ የሚያምርባቸው ወደው አይደለም!

የሚገርመኝ የተረፈው ማነሱ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ያጫወቱ ሰው፣ እኔ ስልኬ ላይ የማገኘው ግን ቁንጽል ቁንጽል ነው። ብዙውም ሰው ቤቱ በዴክ የቀዳው ነው፤ ከታች መስመር ይሄድበታል፣ ድምፁ ይዋኛል። በኛ ብቻ የደረሰ ደግሞ እንዳይመስልሽ። ያኔ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ እንኳ ስንቱን ፕሮግራም አጥፍቶ በላዩ ሌላ ቀድቶበታል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ገና ስሙ ሳይገን፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ የተጫወተበትን ድራማ ደምስሰውታል። ይህን ሳነብ «እንዴት ያለ ጅልነት ነው!» ብዬ ልፈርድ አልኩና አፌን ያዝኩ።

ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ።

አንቺ አልተወለድሽም። እናትሽ አስናቀች ወርቁ ክራር ስትመታ ከቴሌቪዥን የቀዳችው አንድ የ3 ሰዓት ካሴት ነበራት። አስናቀችን እንዴት እንደምትወዳት ታውቂያለሽ። ማንም እንዳይቀዳበት ብላ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ ሰብራታለች። ሰኔ 24 ቀን 1982፣ የዓለም ዋንጫ፣ ካሜሩን ከእንግሊዝ። ባዶ ካሴት ቤት ውስጥ የለም። ሱቁም ዘግቷል። ከቁስል መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ፕላስተር ቆርጬ ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩና ቀዳሁበት። የካሜሩኑ ሮጀ ሚላ ነበረበት፣ ምን ላድርግ? ኋላ እናትሽ ካሴቷን ስትፈልግ ሰው ተውሶ አስቀርቷት ይሆናል አልኳት። እስከዛሬ ያንን ታምናለች።

ባለፈው ሳምንት ካሴቷን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ልጅ ጋ ወሰድኳት። ልጁ ድሮ ፒያሳ ነበር፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ቸርችል ወርዷል። ፕላስተሯ አሁንም አለች፣ ቡና መስላለች። ልጁ ጨዋታውን እያሳለፈ፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ እያየሁ፣ ካሜሩን እንደገና 3 ለ 2 ተሸነፈች። ከዚያ ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ሸሸሸ አለ። ልጁ ሊዘጋው ሲል የክራር ድምፅ መጣ።

አስናቀች ናት። ፊቷ መጀመሪያ አይታይም። ካሜራው ጣቶቿ ላይ ነው፤ አንዱ ጣት ጅማቱን ከነካው በኋላ ትንሽ ይቆይበታል፣ ሌላው እየጠበቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊቷ ወጣ፤ ወደ እኛ አታይም፣ ወደ ክራሩ ነው የምታየው። የዛሬው ካሜራ እንደዚህ አንድ ቦታ ቆሞ መቼ ይጠብቃል? 6 ደቂቃ ነው። ካሴቷ አለቀች።

የእንግሊዙ ሊኒከር በ83ኛው ደቂቃ ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ባያገባ ጭማሪ ሰዓት አይኖርም ነበር። ሌላ 30 ደቂቃ አስናቀች ይተርፈን ነበር። ከዚህ በፊት በእግር ኳስ ምክንያት ነበር የምረግመው፣ አሁን ሌላ ምክንያት ጨመርኩ።

ፍላሹ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ለእናትሽ ገና አላሳየኋትም። ፋሲካን ከሐዋሳ መምጣትሽ አይቀርም አይደል? አንቺ መሃላችን ብትቀመጪ ይሻለኛል።

አባትሽ