ሄልሜት ልትገዙ ለምትወጡ

ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ የግንባታ ሥራ ሄልሜት ልትገዙ የምትወጡ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ገልብጡት። የተሠራበት ዓመትና ወር ብዙ ጊዜ ውስጡ ላይ አለ፤ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ የተሰጣ ዕቃ ፕላስቲኩ ደርቆ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ የአገጭ ማሰሪያ ያለውን ውሰዱ፤ የኔው ከሦስተኛ ፎቅ በርሮ ወርዶ ሰው ሊፈነክት ነበር። ስም ለመጻፍ ብላችሁ ስፕሬይ ቀለም አትንፉበት፣ ቲነርም አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ስቲከር ይበቃል፣ እሱም ስንጥቅ እንዳይሸፍን ትንሽ ብቻ። የደም ዓይነታችሁን ብትጨምሩበት ጥሩ ነው። አየር እንዲገባ ብሎ በምስማር የበሳውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙን አልጠራም! ከባድ ነገር የወደቀበትን ግን ቢያምርም ጣሉት። እኔም ያንን የበረረውን ጥዬዋለሁ።