ለኡላሳይ ጉዞ ለተመዘገባችሁ አባላት

ውድ አባላት፣

የምንሄደው ወደ ጣሊያን ደሴት ወደ ሰርዲኒያ ምሥራቅ፣ ኡላሳይ ነው። እዚያ ያለው ሌኳርቺ ፏፏቴ ደኅና ውኃ የሚኖረው ከባድ ዝናብ በጣለ ሰሞን ብቻ ነው። አናቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ በስንጥቆቹ ቶሎ ይሰርጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥቁር ሰንበር የወጣበት ደረቅ ገደል ነው። ስለዚህ ዝናብ ካልጣለ በቀጥታ ወደ ሱ ማርሙሪ ዋሻ እንገባለን፤ እንዲያውም ከሁለቱ የሚበልጠው እሱ ነው።

ዋሻው ክረምት ከበጋ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውጭው ቢያቃጥልም ሹራብ ያዙ። መግቢያው ላይ ረጅም ቁልቁል ደረጃ አለ፣ እርጥብ ነው፤ ሶሉ ያለቀ ስኒከር ያንሸራትታል። ስትመለሱ ያው ደረጃ ዳገት ይሆናል፣ ጉልበት የሚያማችሁ አስቡበት። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች አትንኩ፤ የእጅ ወዝ ከነካቸው ጠብታው የሚያመጣው ማዕድን አይይዝላቸውም፣ እድገታቸው ይቆማል።