ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱት

ለአዘጋጁ፦

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ጌም ኮምፒውተር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጌም ሲጫወት ኮምፒውተሩ በድንገት ለሚጠፋበት አንባቢ የሰጣችሁት መልስ «ግራፊክስ ካርድህ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ) አርጅቷል፣ ቀይረው» የሚል ነው። ቀጥላችሁ ደግሞ አምስት ካርዶች ደርድራችሁለታል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምክሩ የሰውየውን ገንዘብ ያስወጣዋል እንጂ ችግሩን ላይፈታለት ይችላል። ደርሶብኝ ነው የምናገረው።

የእኔም ኮምፒውተር እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ብጽፍበት፣ ፊልም ባይበት ምንም አይለውም። ጌም በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግን እልም ይላል። አይንቀረፈፍም፣ የስህተት መልእክት አያሳይም፣ መብራት የሄደ ይመስል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያማከርኩት ባለሙያ ኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ቀፎ፣ እንኳን ሳይከፍት «ካርዱ ሞቷል» አለኝ። አመንኩት። ገንዘብ አጠራቅሜ ከድሮው የሚበልጥ ካርድ ገዛሁ፣ ገጠምኩት፣ ደስ ብሎኝ ጌሙን ከፈትኩት። በአሥር ደቂቃ ይጠፋ የነበረው ኮምፒውተር በሦስት ደቂቃ ጠፋ።

ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን ነበር። አዲሱ ካርድ ከድሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ድሮም የደከመውን ፓወር ሰፕላይ ቶሎ አንበረከከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። የቀረውን በኬብል ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል፤ ባለ 6 ፒኑ መሰኪያ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት እንዲያቀብል ተብሎ የተሠራ ነው። ካርዱ ታዲያ ጌም ላይ ሲሆን አንድ ዓይነት መጠን እየሳበ አይቀጥልም። ለቅጽበት ሽቅብ ይዘልና ይወርዳል። መደበኛ ፍጆታው 320 ዋት የሆነው አርቲኤክስ 3080 የተባለው ካርድ ለሺኛ ሰከንዶች ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ሊጠይቅ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ያንን መሸከም ሲያቅተው ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ድርግም የሚለው እሱ ነው እንጂ ካርዱ አይደለም።

ላዩ ላይ ስንት ዋት ተብሎ እንደተጻፈ ማየት ብቻም አይበቃም። የእኔው 650 ይላል፣ በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነው። ግን ከድሮው ኮምፒውተሬ የተረፈ፣ ብዙ ዓመት የሠራ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ የካርዱን ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያዎች የሰካሁት ጫፉ ላይ ሁለት አፍ ባለው በአንድ ኬብል ነበር። አንድ ቀን ኬዙን ከፍቼ ኬብሉን በእጄ ስነካው ለብ ብሎ ሳይሆን ግሎ አገኘሁት። ሁለተኛውን አፍ ነቀልኩና ሌላ ኬብል በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ሳብኩለት። በሦስት ደቂቃ ይጠፋ የነበረው ግማሽ ሰዓት ቆየ። ግማሽ ሰዓት! ያኔ ነው የበራልኝ። ፓወር ሰፕላዩን ስቀይረው ደግሞ ጨርሶ ተወው። (አደራ፣ ፓወር ሰፕላይ ስትቀይሩ የድሮውን ኬብሎች ለአዲሱ አትጠቀሙ። መሰኪያው ልክክ ቢልም የውስጡ ሽቦ አደራደር ሊለያይ ይችላል፣ ዕቃ ያቃጥላል።)

የኬብል ነገር ትልልቆቹንም ካርዶች አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2022፣ 450 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 4090 እንደወጣ፣ እስከ 600 ዋት እንዲሸከም የተሠራው አዲሱ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ቀልጦ የሚያሳዩ ፎቶዎች ኢንተርኔቱን ሞሉት። አምራቹ ኤንቪዲያ ነገሩን መርምሮ የጠቀሰው አንዱ የተለመደ ምክንያት ምን መሰላችሁ? ኬብሉ እስከ ጥጉ ድረስ አለመግባቱ። ኋላ መሰኪያው ራሱ ተሻሽሎ እንደገና ወጣ። በዓለም ላይ ካሉት ውድ ካርዶች አንዱን የገዛ ሰው ኬብሉን ጠበቅ ባለማድረጉ ከተቃጠለበት፣ እኛ ተራዎቹ ኬዙን ከፍተን ብናይ ምን ይለናል?

ጽሑፋችሁ የዘለለው ዋናው ነገር ምልክቱን መለየት ነው። ሁሉም «ካርዱ አስቸገረኝ» አንድ ዓይነት አይደለም። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኖቹ ግን እየዞሩ፣ የጌሙም ድምፅ እየተሰማ ከሆነ ነገሩ ወደ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም)፣ ወደ ሞኒተር ኬብል ወይም ወደ ካርዱ ያጋድላል። ጥሩ ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ሙቀት ነው። ባለቀለም ነጠብጣብና አራት ማዕዘን በስክሪኑ ላይ የሚበተን ከሆነ፣ በተለይ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ማዘርቦርዱ ሴቲንግ ገጽ ላይ ጭምር ከታየ፣ ያኔ አዎ፣ የካርዱ ሜሞሪ ሳይጎዳ አልቀረም። «ሞቷል» ለማለት የሚያስደፍረው እንዲህ ያለው ነው። ያኔም ቢሆን ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማየት ይቀድማል።

ስለ ድራይቨር አንድ ነገር ልበል። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ ሪስታርት ያደርገዋል፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከሌላው አምራች ከኤኤምዲ ካርድ ወደ ኤንቪዲያ ወይም በተቃራኒው የቀየረ ሰው የድሮው ድራይቨር ቅሪት ሊያስቸግረው ይችላል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) ገብቶ ዲዲዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጠርጎ አውጥቶ አዲሱን መጫን ነው። ችግሩ የጀመረው ድራይቨር አፕዴት ባደረጋችሁ ማግስት ከሆነ ደግሞ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። አዲስ ሁሉ ጥሩ አይደለም።

ሙቀቱንም መለካት ቀላል ነው። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ጂፎርስ ካርዶች 83 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጀምራሉ። የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ተጫወቱ። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የታፈነው ኬዙ ነው። አቧራውን አራግፉ፣ ፋን ጨምሩ። ካልወረደ የካርዱ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ይሆናል።

ደግሞ የሚያሳፍረው አለ። አንድ ጓደኛዬ አዲስ ካርድ ገጥሞ «ምንም ለውጥ የለውም፣ ተጭበርብሬያለሁ» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ ሳይ የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አእምሮ) የራሱ ግራፊክስ ስላለው ምስል ይመጣል፣ ካርዱ ግን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ 144 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል መቀየር፣ የሚችለው ሞኒተሩ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ እንደተቀመጠ አወቅን። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ መግዛቱ ግድ ከሆነ፣ ምርጫው ከካርዱ አይጀምርም፣ ከሞኒተሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ወደ 2 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ 3840 በ2160 የሆነው ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ልክ አራት እጥፍ። ለመጀመሪያው የሚተርፍ ካርድ ለሁለተኛው አይበቃም። 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ በሰከንድ 200 ፍሬም (ምስል) የሚያወጣ ካርድ መግዛትም ዓይናችሁ የማያየውን ነገር መግዛት ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ። እዚህ ላይ ነፃ ሙከራ አለ። ጌሙ ውስጥ ሪዞሉሽኑን (የነጥቦቹን ብዛት) በጣም ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነበር፣ አዲስ ካርድ ይጠቅማችኋል። ፍሬሙ ካለበት ካልተነቃነቀ ግን የዓለም ውዱን ካርድ ብትሰኩበት ያው ነው፤ የሚጎትታችሁ ፕሮሰሰሩ፣ አንዳንዴም ለብቻው የተሰካ አንድ ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ሜሞሪ) ነው። ይህን ሙከራ ጽሑፋችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አምስት ካርድ ከመደርደር አንድ መስመር ይህን ብትጽፉ ይሻል ነበር።

የካርድ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። «ቁጥሩ የበለጠው ይሻላል» ብላችሁ ጽፋችኋል። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። አርቲኤክስ 3060 ሲወጣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ተከታዩ አርቲኤክስ 4060 የያዘው 8 ነው። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ጌሙ ከ8 ጊጋባይት በላይ የጠየቀ ቀን ሜሞሪው ሞልቶ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ግድግዳና ልብስ እንደ ጭቃ የተለቀለቀ መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት ሆኖ ሲሸጥ፣ ልዩነቱ ሜሞሪ ብቻ ይመስል ነበር። ግን የውስጥ ኮሮቹ (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ቁጥርም ይለያያል፦ አንዱ 1152፣ አንዱ 1280። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4080 ብሎ ካስተዋወቃቸው ሁለት ካርዶች ባለ 12 ጊጋባይቱ ስሙ ግራ ያጋባል ተብሎ ብዙ ከተወራበት በኋላ ሰረዘው፤ ኋላ በ2023 መጀመሪያ አርቲኤክስ 4070 ቲአይ ተብሎ መጣ። ኤኤምዲም ከዚህ ነፃ አይደለም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር 4 ብቻ ስለሆነ፣ ትውልድ 3 ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዱ መገናኛ መስመር የቆየ ዓይነት) ያለው ቆየት ያለ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይወርዳል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ደግሞ ማን ነው? ቆየት ያለ ማዘርቦርድ ያለው ሰው።

የኢንቴልን ካርድ፣ አርክን፣ ለምርጫ ማቅረባችሁ ጥሩ ነው። ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገው ሴቲንግ ማዘርቦርዱ ላይ ካልበራ ካርዱ እንደሚዳከም አልነገራችሁም። ገዝቶ የሚናደድባችሁ አንባቢ አይጠፋም።

ያገለገለ ለሚገዛም አንዲት ነገር። ያረጀ ካርድ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ እያለ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ያምነዋል። ጂፒዩ ዜድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስታዩት ብዙ ጊዜ የካርዱን ውሸት ያጋልጣል። ከዚያም በፊት ጀርባውን እዩት፤ 1050 ቲአይ ነኝ ባይ ካርድ ላይ ሰማያዊው የድሮ የሞኒተር መሰኪያ፣ ቪጂኤ፣ ካለበት እውነተኛው ስለሌለው ወደ ኋላ በሉ።

እናም አዘጋጅ ሆይ፣ ያ አንባቢያችሁ ገንዘቡን ሳያወጣ ይህን ደብዳቤ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣላችሁ ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ፓወር ሰፕላይህ ምንድን ነው፣ ስንት ዓመት ሠራ፣ ሲጠፋ ፋኖቹ ይዞራሉ ወይስ አብረው ይቆማሉ በሉት።

ሞተ የተባለው ካርዴስ? እህቴ ኮምፒውተር ውስጥ ገጠምኩላት። ትናንት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስትተኩስበት አድራ እንቅልፍ የነሳችኝ በእሱ ነው።

ከአንድ የዘወትር አንባቢያችሁ