ፊቴ አብጧል ላልሽኝ ልጄ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽን ሳል ይዞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «እማ፣ ፊቴ አብጧል፣ ኮርቲሶል ፌስ ነው መሰለኝ» ብለሻል። ጭንቀት ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ጨምሮ ፊት ያሳብጣል ሲሉ ቲክቶክ ላይ እንዳየሽም ነግረሽኛል። በስልክ ስናወራ አንቺም ትቸኩያለሽ፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። እናትሽ ስንት ዓመት ቆዳ ክፍል የሠራች ነርስ ናት፤ ስለ ፊት ትንሽ አውቃለሁ።

ኮርቲሶልን እንደ ጠላት አትዪው። ከኩላሊታችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ስንደነግጥ ወይም ስንጨነቅ ከአንጎል ትእዛዝ ይደርሳቸውና ይጨምሩታል። ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፣ የደም ግፊት አይወርድም፣ የተቆጣ የሰውነት ክፍል ይበርዳል። ያለ እሱ ሰው መኖር አይችልም። መጠኑም ቀኑን ሙሉ አንድ አይደለም። ጠዋት ስንነቃ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ በጣም ይወርዳል። አንቺ ደግሞ በዚያ ሰዓት የአዳር ሥራሽ ላይ ቆመሽ አዛውንቶች ታገላብጫለሽ። ሰውነትሽ ግራ ቢገባው አይገርመኝም።

ኮርቲሶል ከልክ ሲያልፍ ፊት ማሳበጡ እውነት ነው። በሽታው ኩሺንግ ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1932 (እ.ኤ.አ.) ስለ በሽታው በዝርዝር ከጻፈው አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሀርቪ ኩሺንግ ነው። ግን ፊት ብቻውን አያብጥም። ሆድ ይገፋል፣ እጅና እግር ይቀጥናል፣ ማጅራት ላይ ስብ ይከማቻል። ሆድና ጭን ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ሰፋፊ መስመሮች ይወጣሉ። ቆዳ ይሳሳል፣ ትንሽ ሲነኩት ይበልዛል። ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት ያቅታል። ግፊትና ስኳርም ይከተላሉ። ከሰውየው ከራሱ እጢ የሚነሳው ዓይነት ብርቅ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቱን ብቻ ነው የሚይዘው። የፈተናና የሥራ ጭንቀት ብቻውን እዚያ አያደርስም። አንቺ የነገርሽኝ ከእንቅልፍ ስትነሺ የሚያብጥ ዓይንና ጉንጭ ነው። ይሄ ሌላ ነው።

ከአዳር ትወጫለሽ፣ ኢንዶሚሽን በልተሽ መጋረጃ ዘግተሽ ትተኛለሽ። የእሽጉን ጀርባ እስኪ አንብቢው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ነው የሚመክረው፤ በጨው ሲሰላ ከ5 ግራም በታች። አንዳንዱ እሽግ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይወስድብሻል። ጨው ውሃ ይይዛል። ጋደም ስትዪ ያ ውሃ ቆዳው ስስ የሆነበት ቦታ፣ ዓይን ዙሪያ ይጠራቀማል። ተነስተሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ስትንቀሳቀሺ ከጎደለ ምክንያቱ ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ስታለቅሺ ካደርሽም እንደዚያው ያብጣል። አልቅሰሽ እንደሆነ ደግሞ ንገሪኝ።

ጭንቀት ቆዳን አይነካም እያልኩሽ አይደለም። ይነካል እንጂ! አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን አጥንተው ነበር። ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር የምትሆን ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው። ውጤቱ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለንጽጽር ከተያዙት፣ ከማያስታምሙ ሴቶች ቁስል በ9 ቀን ያህል ዘግይቶ ነው የዳነው። ያንን ሳነብ አንቺ ነሽ ፊቴ የመጣሽው። ሌት ተቀን ሰው የሚያነሳ ሰው የራሱ ቆዳ እንኳ ቶሎ አይሽርለትም። ብጉርም እንዲሁ ነው፤ ፈተና ሲቃረብ የሚብሰው በምናብሽ አይደለም፣ በተማሪዎች ላይ ተጠንቶ ታይቷል።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልምጣ። ጓደኛሽ «ማድያቱን ያጠፋልሻል» ብላ የሰጠችሽ ክሬም።

ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ካለበት፣ እሱ ራሱ የኮርቲሶል ዘመድ ነው። በፋብሪካ የተሠራ፣ ከራሳችን ኮርቲሶል እጅግ የበረታ። ሐኪም ለተወሰነ ቀን ለተወሰነ ቦታ ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ እንደ ቅባት ሲቀቡት ግን መጀመሪያ ፊቱ ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ለሠርጓ ብላ ጀምራ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላም አልተወችውም። ወደኛ ስትመጣ ጉንጯ ሳስቶ ጥቃቅን ደም ሥሮች ይታዩ ነበር። አገጯ ላይ ፀጉር በቅሏል፣ ግንባሯን ብጉር ሞልቶታል። ክሬሙን ስትተወው ፊቷ ይቃጠላል፣ ስትቀባው ይበርዳል። እንዴት ትላቀቀው? ማድያቱ ደግሞ ብሶ ነው የተመለሰው።

የሚዋጠውም አለ። እዚህ ለመወፈር፣ ጉንጭ እንዲሞላ ብለው ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የዚሁ ዓይነት ክኒን የሚውጡ ልጆች አይቻለሁ። የሞላው ጉንጭ ውፍረት አይደለም፣ ኩሺንግ ነው። በዚህ በሽታ ከሚያዙት ብዙዎቹን የሚይዛቸው ከመድኃኒት ነው፤ ቪዲዮዎቹ ይህንን ሲናገሩ አልሰማሁም። ሲውጡ የከረሙትንም በአንድ ቀን ማቆም አደገኛ ነው። የራሳቸው እጢ ሥራ ፈትቶ ስለቆየ ወዲያው አይነሳም፤ ሰውነት ያለ ኮርቲሶል ይቀርና ሰው ሊሞት ይችላል። ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው። ጓደኞችሽ መሃል እንዲህ የምታደርግ ካለች ንገሪያት፣ አትፈሪ።

«ኮርቲሶል ይቀንሳል» እያሉ የሚሸጡትን ዱቄትና እንክብልም ተይው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው አሽዋጋንዳ የሚባል ተክል ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል።

እብጠቱ ቀኑን ሙሉ ካልጎደለ፣ ሽንትሽ አረፋ ከበዛበት ወይም ቁርጭምጭሚትሽ ካበጠ ኩላሊትሽን ይዩልሽ። ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሆድሽ ከደረቀ፣ ፀጉርሽ ከተነቃቀለ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ በድንገት ካበጠ ግን ለኔ አትደውዪ፣ ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደውዪ።

ሐኪሙ ኮርቲሶልሽን ልለካ ካለ አዳር እንደምትሠሪ ቀድመሽ ንገሪው። አንዱ ምርመራ እኩለ ሌሊት አካባቢ በሚወሰድ ምራቅ ነው የሚሠራው፤ ቀን ለሚተኛ ሰው ውጤቱ ያሳስታል። የ24 ሰዓት ሽንት ወይም 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ማታ ተውጦ ጠዋት ደም የሚታይበት ምርመራም አለ። የሚሻለውን እሱ ይመርጣል። ቀን በተቀዳ አንድ ደም ብቻ «ኮርቲሶልሽ ከፍ ብሏል» ብሎ የሚያስፈራራሽን አትመኚ።

እስከዚያው ኢንዶሚውን ቀንሺ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ፣ ለማድያቱ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ሳትቀቢ አትውጪ። አዳሩንም በተከታታይ እንዳያደርጉብሽ አለቃሽን ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ክሬሙን ዛሬ ማታ አትቀቢው። ነገ ከሥራ ስትወጪ የቱቦውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ጽሑፉ እንዲነበብ ቀረብ አድርጊው። ስንት ጊዜ እንደቀባሽውም ጻፊልኝ።

እናትሽ