መርከብ ቆማም ትበላለች

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዳግም መደራጀት ከጀመረ ወዲህ በተነሳ ቁጥር የምናነበው ስለ ወደብና ስለ መግዣ ገንዘብ ነው። አንድ ጥይት ሳትተኩስ የቆመች መርከብ በየዓመቱ የምትጨርሰውን ገንዘብ እምብዛም የሚያነሳ የለም።

ቀይ ባሕር ሞቃትና ጨዋማ ነው፤ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት የመርከቧ ሆድ ላይ ቶሎ ይጣበቃሉ። አብዛኛው መከላከያ ቀለም የሚሠራው መርከቧ ስትጓዝ ውኃው ላዩን እየፋቀለት ስለሆነ፣ ለወራት ከቆመች ይዳከማል። ቧንቧ ውስጥ የተኛ የባሕር ውኃም ብረቱን እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል። ለመብራትና ለአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ቀን ከሌት በትንሽ ጭነት የሚሠራ የናፍጣ ጄኔሬተር ደግሞ ነዳጁን በደንብ ስለማያቃጥል ጥላሸት ይሞላዋል፤ እድሳቱ ያለጊዜው ይመጣል።

በየጥቂት ዓመቱ ድራይ ዶክ፣ ማለትም መርከብ ገብታ ውኃው የሚመጠጥበት የጥገና ገንዳ፣ መግባት ግድ ነው። ውኃው ከተመጠጠ በኋላ ሆዷ በከፍተኛ ግፊት ይታጠባል፤ ዝገቱ በአሸዋ ተፍቆ ብረቱ ይነጣል። ከባሕሩ ጋር የሚገናኙት ቫልቮች ተፈትተው ማሸጊያ ጓርኒሲዮናቸው ይቀየራል፤ በብረቱ ፈንታ እንዲበሉ የተለጠፉት የዚንክ ቁራጮችም ይተካሉ። ሒሳቡን የሚያፋልሰው ግን የሆዷ ላሜራ ነው። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ እስኪለካ ድረስ ስንት ካሬ ሜትር ተቆርጦ አዲስ እንደሚበየድ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ውል ከተፈረመ በኋላ የሚገኝ የሳሳ ቦታ ሁሉ ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ቀን ነው። ለዚህም ነው አንዲት መርከብ ዘወትር ባሕር ላይ እንድትኖር የሚፈልግ ሦስት መግዛት አለበት የሚባለው፤ አንዷ ለሥምሪት፣ አንዷ ለሥልጠና፣ አንዷ ለጥገና።

በርካሽ መግዛት መፍትሔ የሚመስለው ብራዚልን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 የፈረንሳይን አውሮፕላን ተሸካሚ «ፎሽ»ን በ12 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ «ሳኦ ፓውሎ» አለቻት። በ2005 የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ መርከበኞች ሞቱ። በ2017 እድሳቷ አያዋጣም ተብሎ እንድትሰናበት ተወሰነ። ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠች በኋላ እንኳ በያዘችው አስቤስቶስ ምክንያት ቱርክ ወደ አገሯ እንድትገባ የሰጠችውን ፈቃድ ሰረዘች፤ በ2023 የብራዚል ባሕር ኃይል ራሱ አትላንቲክ ውስጥ አሰጠማት።

አሮጌ መርከብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀድሞው ባሕር ኃይላችን መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ስትመጣ አገልግሎት ከጀመረች 18 ዓመት ሆኗት ነበር። ያኔ ግን ምጽዋ ነበረችን። ዛሬ እያንዳንዱ ጥገና በሰው አገር፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የመርከብ ግዢ ዜና ስትዘግቡ እባካችሁ ይህን ጠይቁልን፦ የምትገባበት ድራይ ዶክ የት ነው? የቀን ኪራዩስ ስንት ነው? መለዋወጫዋ አሁንም ይመረታል?

ከሰላምታ ጋር