ጥጃዋን አልሸጥኋትም

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ጥጃዋን ሳታይ ቁርስ አትቀምስም። «ወተቱ ከሚባክን ጥጃዋን ትሽጣት» ማለትዎን ወንድሜ ነግሮኛል። በስልክ ከ«እሺ አባባ» ሌላ ቃል ስለማይወጣኝ በጽሑፍ ልመልስልዎ ብዬ ነው።

ጥጃዋ 50 ቀን ሆናት። እናቷ በወለደች ማግሥት ወድቃ ስትቀር፣ ጥጃዋን ያተረፋት በተወለደችበት ሌሊት አልቤ ያጠጣኋት እንገር ነው። ጥጃ በሽታ የሚከላከል ነገር ይዞ ስለማይወለድ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ማግኘት እንዳለበት የእንስሳት ሐኪሙ አስረድቶኝ ነበር። ስትወለድ 30 ኪሎ ያህል ነበረች፤ ስለዚህ የክብደቷን አንድ አሥረኛ፣ በቀን 3 ሊትር፣ ከዳማይቱ ላም ወተት በሦስት ጊዜ ከፍዬ ስሰጣት ከረምሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ አፍ ላይ የጎማ ጡት አስሬ ዝቅ አድርጌ እይዝላታለሁ፤ ከፍ ካለ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሲያልቅባት እናቷን የምትጠባ ይመስል ጠርሙሱን በግንባሯ ትገፋዋለች። ባከነ ስለሚሉት ወተት ደግሞ፣ ፍልሰታ ስለሆነ ለገበያ ባወጣውም ፈላጊ እንደሌለው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የከበደኝ ወተቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ አላባራም። በየጧቱ አዛባውን ጠርጌ ደረቅ ጭድ አነጥፍና እንበረከክበታለሁ፤ ጉልበቴ ከረጠበ እንደገና እለውጠዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ሳል ጀምሯት ሦስት ሌሊት አጠገቧ አደርሁ። ይቅር ይበሉኝና የእርስዎን አሮጌ ካፖርት አለበስኋት፤ ትንሿ ልጄ አንገቷ ሥር አሽትታ «አያቴን አያቴን ትላለች» አለችኝ።

አባባ፣ አልሸጥም ያልሁት ግን ስለ ወተት ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ክረምት እንዲሁ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ «ካሳደግሻት ያንቺ ናት» ብለው ሰጡኝ። 11 ዓመቴ ነበር፤ ጡጦ ስላልነበረን ጣቴን ወተት ውስጥ እየነከርሁ ነበር ያጠባኋት። በጥር ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመዷ ካስማው ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለማዳበሪያ ዕዳ መሸጧን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ዕዳ ቀን እንደማይሰጥ ዛሬ አውቃለሁ፤ እኔም ማዳበሪያ በዱቤ ወስጄ አይቼዋለሁ። ከ22 ዓመት በኋላም ከሆዴ ያልወጣው መሸጧ ሳይሆን፣ ያን ምሽት በአንድ መሶብ ቀርበን አንዲት ቃል ሳይናገሩኝ መተኛትዎ ነው። እኔም አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅሁም።

አሁንም የሚነግሩኝ በሰው በኩል ነው። መጀመሪያ ወይፈኑን፣ ቀጥሎ በጎቹን አሸጡኝ፣ አሁን ደግሞ ጥጃዋን። ለሕክምናዎ ከሆነ የወይፈኑ ገንዘብ ገና አልተነካም፤ ባይበቃም ዳማይቱን ሸጬ እጨምራለሁ እንጂ አልሰስትም። ነገር ግን ለእኛ ያልነገሩንን ነገር ሐኪምዎ ነግሮዎት፣ እርስዎም እንደማይመለስ ሰው በረቱን ባዶ እያደረጉ ከሆነ፣ እባክዎን ይህን እንኳ ከሌላ አፍ አያሰሙኝ።

ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ እመጣለሁ። ለሦስት ቀን ጥጃዋን ጎረቤታችን ትይዝልኛለች፤ የወተቱን ሙቀትና የጠርሙሱን አያያዝ አሳይቻታለሁ። ፉርሽካና ድርቆሽ መልመድ ስለጀመረች ለመስቀል ጡጦውን ትተዋለች። መድኃኒትዎን ምግብ ሳይቀምሱ አይዋጡ፤ እህቴንም በጨው አይጨቅጭቋት። እዚያ ብርዱ ከጠናብዎ ካፖርቱን አጥቤ ላምጣልዎ፤ ካልሆነ ግን እስከ መስቀል ለጥጃዋ ይቆይላት።

ልጅዎ